ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ጎማ

በዚህ ከተማ የግንባታ ጠጠር መንገድ ላይ ማራገፍ ክልክል ነው ይባላል፤ ሲከለከል ያየ ሰው ግን የለም። ከሲኤምሲ አስፋልት ወደ ውስጥ የሚገባው የኮብልስቶን መንገድ መታጠፊያ ላይ ያለው ክምር ሰኔ ላይ እንደተራገፈ ክረምቱን እዚያው ይዞታል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ተሳደበ፤ ቀጥሎ አመለከተ፤ በመጨረሻ ዞሮ ማለፍ ለመደ። ዳናይት ዑቕባዝጊ ሞታ የተገኘችው በዚህ ክምር ጥግ ነው።

ኢንስፔክተር የሺመቤት ስትደርስ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ጋብ ማለቱ ነበር። ልጅቷን ያገኟት በጠዋት ሥራ የገቡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አንዷ ነጠላዋን አውልቃ አልብሳታለች። የሺመቤት ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየች። ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ጃኬት፣ ኮፍያው እስከ ግንባር የተሳበ። ፊቷ ምንም አልሆነም፤ የተኛች ትመስላለች። የሺመቤት መልሳ ሸፈነቻት።

"አየር ማረፊያ ነው የምትሠራው፣ ካርጎ ክፍል" አለ ሳጅን ቢሩክ። "ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ አወረዳት፤ ከዚያ በእግሯ ወደ ቤት ስትገባ ነው። ቤታቸው ያ ጥቁሩ በር ነው።"

"ባጇ የታለ? አየር ማረፊያ የሚሠራ ሰው ባጅ ያንጠለጥላል።"

"አላገኘነውም። ቦርሳዋና ስልኳ ግን አሉ።"

"ቤተሰብስ?"

"እናት በሕይወት የሉም። ወንድሟ ከሥራ እየመጣ ነው። አባትየው ቤተክርስቲያን ናቸው፣ ኪዳን ሊያስደርሱ፤ የሰበካው ሽማግሌዎች ሊያመጧቸው ሄደዋል። እስኪደርሱ ድረስ ሰው ታሟል ነው የሚሏቸው።"

የሺመቤት መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሄዳ ተመለሰች። ጭቃውን አየች፣ የተበተነውን ጠጠር አየች፣ እንደገና ጭቃውን አየች።

"ቢሩክ፣ ፍሬን የያዘበትን አሳየኝ።"

ሳጅኑ ፈለገ። "የለም።"

"ሰው ሳያስበው የገጨ፣ ዘግይቶም ቢሆን ፍሬን ይረግጣል። ይሄኛው ከመግጨቱ በፊት አልያዘም፣ ከገጨ በኋላም አልያዘም። ክምሩ ላይ ወጣ፣ በእሷ ላይ ወረደ፣ ሄደ።"

"ሆን ብሎ ነው እያሉኝ ነው?"

"እኔ ምንም አላልኩም። መንገዱ ነው ያለው።"

ሠራተኞቹ ከዋዜማው የቦዩን ጠርዝ በሲሚንቶ ለስነው በቆርቆሮ ሸፍነውት ነበር። ቆርቆሮውን ነፋስ ወስዶታል። ገና ያልጠነከረው ሲሚንቶ ላይ አንድ የጎማ አሻራ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ቀርቷል። ቢሩክ ተንበረከከ። መኪና ነክ ነገር ሲያይ ሬሳ አጠገብ መሆኑን እንኳ የሚረሳ ልጅ ነው።

"ኦልቴሬን ነው ኢንስፔክተር። ይሄ ለጭቃና ለገጠር የሚታሰረው ባለ ጥርሱ። በጣም ሰፊ ነው። አዲስም ነው፤ እነዚህን ቀጫጭን መስመሮች አዩዋቸው? አዲስ ጎማ ላይ ያሉት የላስቲክ ፀጉሮች ናቸው። ትንሽ ከተነዳ ይረግፋሉ።"

በዚህ መሃል አንድ ታክሲ ቆመ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፈው ወረዱ። "ማነው የታመመው?" እያሉ ነበር። ከዚያ ነጠላውን አዩ። አቶ ዑቕባዝጊ አልጮኹም። "ጓለይ" ብቻ አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲህ ብለው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

የሺመቤት በዚህ ሥራ ከቆየችባቸው ዓመታት አንድ ነገር ተምራለች፤ ለሟች ቤተሰብ ቃል አይገባም። ገዳዮቻቸው ሳይገኙ የቀሩ ሰዎች ፎቶ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ በከፈተችው ቁጥር ያዩዋታል። ያን ጠዋት ግን አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ "አገኘዋለሁ አባባ" አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

ቀብሩ በማግስቱ ተፈጸመ። የሺመቤት ጥቁር ነጠላ ለብሳ ከድንኳኑ ገባች። ለቅሶ ቤት ለመርማሪ ምቹ ቦታ ነው፤ ሁሉም ሰው ተቀምጧል፣ ማንም የሚቸኩል የለም። ጎረቤቱን፣ የእድሩን ሰብሳቢ፣ የግንባታውን ጠባቂ፣ የሟችን የሥራ ባልደረቦች አንድ በአንድ "ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?" ስትል ዋለች። ሐዘን የተቀመጡትን አባት ግን ማን ይመረምራል? እግዚአብሔር ያጽናዎት ብላ እጃቸውን ያዘች።

"ምን አገኛችሁ?" አሉ እጇን ሳይለቁ።

"አሻራ አለን። ጎማው አዲስ ነው።" ትንሽ አመነታች። "ፍሬን አልያዘም አባባ።"

"አልያዘም?"

"ጭራሽ።"

አቶ ዑቕባዝጊ ተነሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አየር ማረፊያ የዕቃ አስተላላፊ ሆነው ሲሠሩ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የሰማቸው የለም ይባላል። "ልጄን እንደ ውሻ ረግጧት የሄደውን ሰው" አሉ፤ "ቀባሪ ልጅ ያሳጣው! ዕድሜ ሰጥቶ ያሰቃየው!"

ሕዝቡ "አሜን" አለ። አሜን ያላለው ወንድሟ ሃይለኣብ ብቻ ነበር። አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። የሺመቤት አየችው፤ አልወደደችውም።

አስነስታ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደችው። የቤተሰቡ አሮጌ ላንድክሩዘር እዚያ ቆሟል። ድንኳኑንና ወንበሩን ከእድሩ መጋዘን በዚህች መኪና ያመጣው ሃይለኣብ ነው።

"ሥራህ ምንድነው?"

"ሃያ ሁለት አካባቢ ሆቴል ውስጥ ነኝ፣ ሪሴፕሽን። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሲደውሉልኝ ገና አልወጣሁም።"

"አባትህ ያን ቀን ማልደው ነው የወጡት?"

"ኪዳን። ፍልሰታን ሁልጊዜ በእግሩ ነው የሚመላለሰው።"

"እህትህ ጠላት ነበራት?"

"ዳናይት?" አለና ፊቱ ተበላሸ። "ዳናይትን ማን ይጠላል?"

ይህን ጥያቄ የመለሰችው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ናት። ሳትጠየቅ የመጣች፣ ስትመጣም ግራና ቀኝ አይታ የመጣች ሴት ናት። "አብኔዘር የሚባል እጮኛ ነበራት። ቱሪስት የሚያዞር። ቀለበቱን የመለሰችለት ቀን እዚህ በር ላይ ቆሞ 'ታያለሽ!' ብሏታል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። መኪናው ደግሞ ያ ትልልቅ ጎማ ያለው ነው፣ ሲመጣ መስኮቴ ይንቀጠቀጣል።"

የአብኔዘር ግቢ ከቦሌ አየር ማረፊያ ብዙ አይርቅም። ፒክአፑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከፍ ያለ፣ ባለ ሰፊ ጥርስ ጎማ። ቢሩክ ሮጦ ሊደርስበት ምንም አልቀረው። ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ በእጁ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

"አልቋል" አለ ቅር ብሎት። "ጥርሱ ካለቀ ቆይቷል። ሲሚንቶው ላይ ያለውን ዓይነት ሊያትም አይችልም።"

አብኔዘር ቢሮው ውስጥ ፊቱ አብጦ ተቀምጧል። "ኢንስፔክተር፣ ሲሪየስሊ? እኔ? ያን ጠዋት ቦሌ ነበርኩ፣ የውጭ እንግዶች ስቀበል። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ቆሜ ነው ያነጋሁት። ቼክ አድርጊ። አስጎብኚዎቹ ሁሉ አብረውኝ ነበሩ።"

"ታያለሽ ብለሃታል።"

"ብያታለሁ። ሀብታም ሆኜ ታያለሽ ማለቴ ነበር። ሰው ሲናደድ የማይለው አለ?" እንባው መጣ፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። "ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ከተለያየን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ልቤ ቀጥ አለ። ልንታረቅ ነው ብዬ። ለካ ስለ ጎማ ልትጠይቀኝ ነው።"

የሺመቤት ቀና አለች። "ስለ ምን?"

"ስለ ጎማ። ለአባቷ መኪና። አምና ክረምት ቤተክርስቲያን ሲሄዱ ጭቃ ያዛቸው፤ ምእመኑ ጋቢውን ሰብስቦ ገፍቶ ነው ያወጣቸው። ኩሩ ሰው ናቸው፣ በጣም አፈሩ። ከዚያ በኋላ መኪናዋን አቁመው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ፤ ጉልበታቸው ግን እምቢ አለ። 'ኦልቴሬን ላስርለት ነው፣ ምን ያህል ትልቅ ልግዛ?' አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"አሁን ካለው አንድ ቁጥር ብቻ ጨምሪ አልኳት። ሁለት ከጨመርሽ መሪው ሲጠመዘዝ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይፍቃል፤ መኪናው ከፍ ይላል፣ ከኮፈኑ ፊት ለፊት ያለው ነገር አይታይም፣ ለማቆምም ይከብዳል። ለኔ ዓይነቱ ይሁን፤ አባትሽ የለመዱት መኪና አይሆንም አልኳት። አመሰገነችኝ። ቻው አለችኝ።"

ሲወጡ ቢሩክ ራሱን ነቀነቀ። "ላንድክሩዘሩን ለቅሶ ቤት አይቼዋለሁ። ያሰረው አሮጌ፣ ቀጭን ጎማ ነው። ሳትገዛለት ሞታለች ማለት ነው።"

"ወይም ገዝታለታለች" አለች የሺመቤት። መኪና ውስጥ ገብታ የጎማ ሱቆችን አንድ በአንድ እንዲዞሩ ነገረችው።

ሲጠያይቁ የደረሱበት የጎማ ነጋዴ፣ የሽፈራው ሱቅ ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። ፎቶዋን ሲያይ ሳቀ፤ መሞቷን ሲሰማ ሳቁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

"ቅዳሜ እኮ እዚህ ነበረች! ከወንድሟና ከአባቷ ጋር። ሽማግሌው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው 'ያለው ይበቃኛል፣ ገንዘብሽን አታባክኚ' ይላሉ። እሷ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን መረጠች። ወንድሟ ሁለት ካልሆነ አለ። 'አባዬ ሲገባ ሰፈሩ ይወቅ!' ይላል። ተከራከሩ፣ ተሳሳቁ። እንደነሱ የሚዋደዱ እህትና ወንድም አላየሁም።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"ሻጭ ምን ይላል? ትልቁን አደነቅኩ። ጉድጓድ አይሰማዎትም አልኳቸው። ድንጋይ ላይ ቢወጡ ወንበሩ እንኳ አይነግርዎትም አልኳቸው። ልጅቷ ተረታች፣ ትልቁ ታሰረ። መሪ ሲጠመዘዝ ስለሚፍቅ ፓራፋንጎውን ከውስጥ በመዶሻ ገፋ አደረግኩላቸው። አሮጌዎቹን ተዉልኝ ብላቸው ሽማግሌው አይሆንም አሉ፤ ከኋላ ጫንኩላቸው።"

ከሱቁ ሲወጡ እንደገና ማካፋት ጀምሮ ነበር። ቢሩክ የሆቴሉን ካሜራ ራሱ አይቷል፤ ሃይለኣብ ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛው ኋላ ነበር። "እሱ አልነዳም። ታዲያ ጎማውን ለምን ይቀይራል?"

"መኪናዋን ለሰው ሰጥቷል" አለች የሺመቤት። "ለጓደኛ፣ ለሴት፣ አላውቅም። ያ ሰው እህቱን ገደለበት። አሁን አፉን ይዞ ይሸፍነዋል።" ይህን ስትል ተቆጣች፤ ቁጣው ደስ አሰኛት፤ ከሐዘኑ ይቀላል።

ሰልስት ነበርና ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሺመቤት ላንድክሩዘሩ አጠገብ መሐረቧን ጣለችና ለማንሳት ጎንበስ አለች። ከፊት ጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ገና ያልደበዘዘ የጎማ ፍቀት ነበር። አሁን የታሰረው ቀጭን ጎማ እዚያ ሊደርስ አይችልም። የመዶሻው ምትም ይታያል። የመኪናው አካል ሁሉ ጭቃ ነው፤ ያ አንድ ቦታ ብቻ በውሃና በሳሙና ተፈግፍጎ ንጹሕ ሆኗል።

"ምን ጠፋሽ ልጄ?" አሉ አቶ ዑቕባዝጊ ከኋላዋ።

"መሐረቤ ነው አባባ።"

"እህል ቅመሺ እንጂ፤ ባዶ ሆድሽን ነው የምትውዪው።" መኪናዋን አላዩአትም። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ምንም ነገር የሚያዩ አይመስሉም፤ ሰው እጃቸውን ይዞ ያስቀምጣቸዋል፣ ሰው ያስነሳቸዋል።

ሃይለኣብን ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ጠዋት ወደ ጣቢያ አስጠራችው። ራሱ መጣ። ተላጭቷል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሚቆይ መሆኑን አውቆ የመጣ ይመስላል።

"ጎማዎቹን የት ጣልካቸው?"

አላንገራገረም። "አያት አልፎ ገደል አለ። እዚያ።"

"ማን ቀየረልህ?"

"መንገድ ላይ ያገኘሁት ጎሚስታ። አያውቀኝም።"

"ለምን?"

"እኔ ስለገደልኳት።"

የሺመቤት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሆቴል ነበርክ። ለእንግዳ ቁልፍ ስታቀብል በካሜራ ታይተሃል።"

"እኔ ነኝ አልኩሽ። ጻፊው።"

"ፍሬን ያዝክ?"

"ያዝኩ። አልቆም አለኝ።"

"ፍሬን አልተነካም ሃይለኣብ። እህትህ ላይ የወጣው ሰው እግሩን ከነዳጁ አላነሳም። መኪናህን ለማን ነው የሰጠኸው? ይሄን አረመኔ ለምንድነው የምትሸፍነው?"

"አረመኔ አትበይው!" ብሎ ጮኸ። "ስላልሰማው እኮ ነው! ስላልተሰማው ነው ያልያዘው!"

"ማን?"

ሃይለኣብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"መኪናዋን ያን ጠዋት ከየት ነው ያገኘሃት?"

"ከቤተክርስቲያን ግቢ" አለ፤ ካለ በኋላ ሁለት እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ከውጭ የሰው ድምፅ፣ የበር ድምፅ ይሰማል። ጎረቤት ጠይቃለች። ጠባቂ ጠይቃለች። አብኔዘርን ቦሌ ድረስ ሄዳ አስለቅሳዋለች። አንድ ሰው ብቻ ነበር የት ነበሩ፣ በምን ሄዱ ብላ ያልጠየቀችው፤ እሱንም እጁን ይዛ አጽናንታዋለች።

"ሐዘንተኛ መኪና አይነዳም ብለው ሽማግሌዎቹ በታክሲ አመጡት" አለ ሃይለኣብ። "'ሂድና የአባትህን መኪና አምጣ፣ ድንኳን ይጫንበታል' አሉኝ። ሄድኩ። በሩን ልከፍት ስል የባጇ ማሰሪያ ፓራፋንጎው ውስጥ ተጠምጥሞ አየሁት። ሰማያዊው ክር። ባጁም አለበት፤ ፎቶዋ ያየኛል።" ፊቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። "ትንሹን መርጣ ነበር። ትልቁ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በትንሹ ቢሆን ክምሩን ዞሮ ያልፍ ነበር፤ በትልቁ ምን አስዞረው? ስለዚህ እኔ ነኝ። ውሸት አይደለም። በእኔ ስም ጻፊው።"

"እንዲህ አይጻፍም።"

"እርግማኑን ሰምተሻል። አሜን ብላችኋል ሁላችሁም። ለማን እንደሆነ አያውቅም።" ቀና ብሎ አያት። "እህቴ ሞታለች። አባቴን ደግሞ አትግደይብኝ።"

የሺመቤት ብዙ ክፉ ሰው አይታለች፤ ክፉ ሰው ሥራዋን ያቀልላታል። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን የምትጠላው ሰው አጣች። ያልታወቀ አሽከርካሪ ብሎ መዝጋት ይቻላል። ስንቱ ተዘግቷል! አንድ ተጨማሪ ፎቶ መሳቢያው ውስጥ ይገባል፤ ሽማግሌውም የማያውቁትን ጠላት እየረገሙ ያረጃሉ። ይህን ልታደርግ ወሰነች። ልጁን ሂድ ልትለው አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ፤ ቢሩክ ገና ምንም ሳይል አቶ ዑቕባዝጊ በትከሻው በኩል ገቡ።

"ልጄን ፈልጌ ነው" አሉ። "ሳይነግረኝ ወጣ። ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ።" ከዚያ የሃይለኣብን ፊት አዩ። "ምን ሆነህ ነው?"

ሃይለኣብ ተነሳ። የሺመቤት ልታስቆመው ፈለገች፤ ዘገየች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ዳናይትን የገጨኋት እኔ ነኝ። መኪናዋን ይዤ..."

ሽማግሌው አልተቆጡም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት፤ ግራ ገብቷቸዋል።

"በየት በኩል?" አሉ። "አንተ ሥራ ላይ አልነበርክም? መኪናዋስ እኔ ዘንድ አልነበረችም? ዳናይት ዝናብ ነው በእግርህ እንዳትሄድ ብላኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ ኪዳን ይዣት የሄ..."

ቃሉን አልጨረሱትም።

የሺመቤት አንድ ሰው ቆሞ ሲፈርስ ያየችው ያን ቀን ነው። አልወደቁም፤ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። ዓይናቸው ከልጃቸው ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሃይለኣብ አባቱን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ ገፉት። ወንበር ስበው በዝግታ ተቀመጡ።

"ፍሬን አልያዘም ነው ያልሽኝ?"

"አዎ አባባ።"

"ሁሉንም ሰው ጠይቀሻል። እኔን አልጠየቅሽኝም። ጠይቂኝ።"

"አባዬ ተው! በእናቴ ሞት ተው!"

"ዝም በል ወደይ። ትጠይቀኝ። ሥራዋ ነው።"

እሷም ጠየቀች። ሌላ የምታደርገው ነገር አላወቀችም። እሳቸውም ሳይቸኩሉ መለሱ፤ ድሮ አየር ማረፊያ ስለ ዕቃ ሲጠየቁ ይመልሱ እንደነበረው፣ አንዱን ከአንዱ ሳያምታቱ። ዘግይተው ነበር። ዝናቡ መስታወቱን ሸፍኖታል። ክምሩ ጋ ሲደርሱ መሪውን ሊያዞሩ ሲሉ ሻጩ የተናገረው ትዝ አላቸው፤ ልየው ብለው በጠርዙ ወጡበት። መኪናው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ምንም አልተሰማቸውም።

"እውነቱን ነው ሻጩ አልኩ" አሉ። "ደስ አለኝ። ጠጠሩን ነው የረገጥኩት የመሰለኝ። እዚያው መሪው ላይ ሆኜ ጓለይን መረቅኳት። እኔን እንዳነሳሽኝ ከፍ በይልኝ፣ ክፉ አይንካሽ አልኩ።"

ሃይለኣብ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ቢሩክ በሩ ላይ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። የሺመቤት የመጨረሻውን ጥያቄ ባታነሳው በወደደች፤ ግን ቃል ሲሰጥ የሚጠየቅ ነው፣ ጠየቀችው።

"ከመውጣትዎ በፊት ሰው አላዩም?"

አቶ ዑቕባዝጊ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

"እጅ አየሁ" አሉ። "በዝናቡ ውስጥ፣ ከክምሩ ጎን፣ አንድ ሰው እጁን አነሳ። ውሰዱኝ የሚል መንገደኛ መሰለኝ። ኪዳን ሊያመልጠኝ ነው፣ አልቆምም አልኩ።"

የሺመቤት ጻፈችው።

"አንብቢልኝ" አሉ። ሕጉም ያዛል፤ ቃል የሰጠ ሰው ይነበብለትና ይፈርማል። ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችላቸው። "እጅ አየሁ" የሚለው ጋ ስትደርስ ማንበቧን አቆመች። ቀሪውን እሳቸው በቃላቸው ጨረሱት፤ ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጇ ወስደው ፈረሙ።